አዲስ አበባ ደጋ ናት፤ የቤት ሰርቨር ታዲያ ለምን ይግላል?

«አገሩ ብርድ ነው፤ ኮምፒውተር ምን ያግለዋል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ካዛንቺስ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሰው ሒሳብ የሚሠራው፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሳሎኑ ውስጥ የቤተሰቡን ፎቶና ቪዲዮ የሚያከማቸው፣ አራት ኪሎ አካባቢ የሱቁን ካሜራ ቅጂ የሚያስቀምጠው ሁሉ ማሽኑን ቡፌ ውስጥ አስገብቶ በሩን የሚዘጋው ይህን አምኖ ነው። ከዚያ የካቲትና መጋቢት ሲመጣ ከሰዓት በኋላ ፋኑ መጮህ ይጀምራል፤ ፋይል ለመክፈት ይዘገያል፤ አልፎ አልፎም ማሽኑ ራሱን ያጠፋል።

እምነቱ ጨርሶ ስሕተት አይደለም። በከተማዋ መሐል የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ሰርቨር ለሚያኖር ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው ውጭ ያለው ብርድ ሳይሆን በውስጡ አልፎ የሚወጣው አየር ነው። መተላለፊያ ያጣ አየር ደጋም ላይ ይግላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ የአንድ ነገር ዝርዝር ነው።

የቤት ሰርቨር ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሰርቨር ማለት ለሌሎች ኮምፒውተሮችና ስልኮች አገልግሎት የሚሰጥ፣ ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው። የቤት ሲሆን ብዙ ጊዜ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ፣ ትንሽ ሚኒ ፒሲ ወይም ሁለትና አራት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ ሳጥን ነው። ፎቶ፣ ፊልም፣ የሥራ ሰነድና የካሜራ ቅጂ ይቀመጥበታል። ከላፕቶፕ የሚለየው በጉልበቱ አይደለም። ላፕቶፕ ሲግል እጃችን ያውቀዋል፣ ማታም ይዘጋል። ሰርቨር ግን ማንም በማይነካው ጥግ ሆኖ ሳያርፍ ይሠራል፤ ሲግልም የሚያይለት ሰው የለም።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ኮምፒውተር ከሶኬት የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ፣ ከሞላ ጎደል አንድም ሳይቀር፣ በመጨረሻ ሙቀት ይሆናል። 60 ዋት የሚበላ ሰርቨር 60 ዋት ሙቀት ክፍሉ ውስጥ ያፈሳል፤ በቀን 1.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የማቀዝቀዣ ዘዴ ፋን መግዛት ሳይሆን ፍጆታን መቀነስ ነው። ለማይታይ ስክሪን የተሰካ ግራፊክስ ካርድ ካለ ይነቀል። ለዓመታት ያልተከፈተ አሮጌ ዲስክ ካለ ይውጣ። አንድ ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ እየተሽከረከረ ሥራ ባይኖረውም እንኳ ከ4 እስከ 5 ዋት ይወስዳል። አሮጌውን ዴስክቶፕ በሚኒ ፒሲ የተካ ሰው ብዙ ጊዜ የሙቀት ችግሩንም አብሮ ይገላገለዋል፤ ምክንያቱም ሚኒ ፒሲ ሥራ ሲያጣ የሚበላው ከ10 እስከ 15 ዋት ያህል ነው።

የቀረው ሙቀት መንገድ ይፈልጋል። የኮምፒውተሩ አንጎል ከሆነው ከፕሮሰሰሩ ላዩ ላይ ወዳለው የብረት ክንፍ፣ ማለትም ሂት ሲንክ፣ ይሄዳል፤ ከሂት ሲንኩ ወደ አየር፣ ከኬዙ (ከማሽኑ ሳጥን) ወደ ክፍሉ፣ ከክፍሉ ደግሞ ወደ ደጅ። ከእነዚህ አንዱ ከተዘጋ የሌሎቹ መከፈት አይጠቅምም።

ከፍታው ምን አገባው?

ብዙ አገባው። የከተማዋ መሐል ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላልን በዚሁ ምክንያት ነው። አየሩ ስስ ነው። ፋን ደግሞ የሚቆጥረው አየሩ ስንት ሊትር እንደሆነ እንጂ ክብደቱን አይደለም፤ በደቂቃ የሚያሳልፈው ሊትር ጂቡቲም አዲስ አበባም አንድ ነው። ሙቀት የሚሸከመው ግን ክብደቱ ነው።

አንድ ሚኒባስ ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ በቀን የሚመላለስበት ቁጥር ሳይቀየር በእያንዳንዱ ጉዞ በ12 ሰው ፋንታ 9 ሰው ብቻ ቢጭን፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ይከማቻል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሽከረከር ፋን እንዲህ ነው። ምልልሱ ያው ነው፤ ጭነቱ በሩብ ቀንሷል። ያንኑ ሰው ለማድረስ ሚኒባሱ ሲሶ ያህል ተጨማሪ መመላለስ አለበት።

በቁጥር ሲሰላ፣ 60 ዋት የሚያወጣ ማሽን ውስጥ የሚያልፈው አየር ከገባበት በ10 ዲግሪ ብቻ ሞቆ እንዲወጣ ከተፈለገ ባሕር ጠለል ላይ በሰከንድ 5 ሊትር አየር ይበቃል። እዚህ ወደ 6.6 ሊትር ይፈልጋል። የትልልቅ ሰርቨር አምራቾችም ይህን ስለሚያውቁ በመመሪያቸው ላይ ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳሉ። 35 ዲግሪ ድረስ ይሠራል የተባለ ማሽን በእኛ ከፍታ 30 ድረስ ነው ማለት ነው። ሳሎናችን 30 አይደርስም። የተዘጋ ቡፌ ውስጥ ግን 30 ማለፍ ምንም አያስቸግርም።

ከፍታው ሃርድ ዲስክን ይጎዳው ይሆን ብሎ የሚሰጋ ሰው አይጨነቅ። አብዛኞቹ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ናቸው።

ስንት ዲግሪ ሲሆን ነው «ጋለ» የሚባለው?

እንደ ዕቃው ይለያያል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያለቦታው ይደነግጣል፣ መደንገጥ ባለበትም ዝም ይላል። ፕሮሰሰር ሙቀት ቻይ ነው። አብዛኞቹ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ሥራ ሲበዛበት 70 ወይም 75 ቢያሳይ የሚያሳስብ ነገር የለም። ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ማከማቻ፣ 70 አካባቢ ሲደርስ ወደ ወሰኑ ተጠግቷል። ሃርድ ዲስክ ግን ስስ ነው፤ አምራቾቹ እስከ 60 ዲግሪ ቢፈቅዱም ከ45 በታች ማቆየት መልካም ነው።

በሌላ በኩል ዲስክን ማብረድም ልክ አለው። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ሃርድ ዲስኮችን ተከታትለው ያወጡት ጥናት ሙቀትና ብልሽት የሚታሰበውን ያህል የተሳሰሩ እንዳልሆኑ አሳይቷል። መጠነኛ ሙቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ ጎልቶ የታየው በጣም የጋሉትና ያረጁት ላይ ነው። እንዲያውም በጣም የቀዘቀዙት ብዙ ተበላሽተዋል። ስለዚህ 38ን ወደ 32 ለማውረድ ገንዘብና እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም። 52ን ወደ 43 ማውረድ ግን ያስፈልጋል።

ከመነካካታችን በፊት ምን እንለካ?

ሁለት ቁጥር፦ የማሽኑን ሙቀትና የክፍሉን ሙቀት፣ በአንድ ሰዓት። የማሽኑን ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ «ሴንሰርስ» የሚባለው ትእዛዝ፣ ዊንዶውስ ላይ «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» እና መሰሎቹ ያሳያሉ። ለክፍሉ ተራ ቴርሞሜትር ይበቃል፤ የሚቀመጠው ግን አየር ወደ ማሽኑ በሚገባበት በኩል ነው።

የክፍሉ ቁጥር የግድ የሚሆነው የአዲስ አበባ ቀንና ሌሊት በጣም ስለሚራራቁ ነው። ለምሳሌ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ክፍሉ 25፣ ዲስኩ 46 ቢሆንና አዲስ ፋን ገጥመን በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 38 ብናይ «በ8 ዲግሪ አወረድኩት» ማለት ይቀናል። ክፍሉ ጠዋት 17 ከነበረ ግን ልዩነቱ ያኔም 21፣ አሁንም 21 ነው፤ ፋኑ ምንም አልፈየደም። መመዘን ያለበት ማሽኑ ከክፍሉ የሚበልጥበት መጠን ነው። አንድ ነገር ለውጦ፣ አንድ ሰዓት ጠብቆ፣ ይህን ልዩነት መጻፍ። ሁለት ነገር አንድ ላይ የለወጠ የትኛው እንደሠራለት አያውቅም።

ቡፌ ውስጥ ከሆነ ምን ይደረግ?

የአብዛኛው ቤት ችግር እዚህ ነው ያለው፤ መፍትሔውም ርካሽ ነው። የተዘጋ እንጨት ሙቀት አያስወጣም። ማሽኑ ያወጣውን የጋለ አየር ፋኑ መልሶ ይስበዋል፤ ያም ይብስ ይግላል። ቡፌው ውስጥ ያለው አየር ከክፍሉ በ10 ዲግሪና ከዚያም በላይ መብለጡ የተለመደ ነው፤ ዲስኩም በዚያው ልክ ይጨምራል። ኬዙ ውስጥ ሦስት ፋን ቢጨመር ያንኑ የጋለ አየር በፍጥነት ያዞራል እንጂ የሚያመጣው ቀዝቃዛ አየር የለም።

መጀመሪያ በሩን ከፍቶ አንድ ቀን መለካት። ቁጥሩ በደንብ ከወረደ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የቦታው ነው። ቦታ መለወጥ ከተቻለ ክፍት መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል ራቅ አድርጎ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ሸሸት ማድረግ ነው። ካልተቻለ አናጺ ጠርቶ የቡፌውን ጀርባ ሁለት ቦታ ማስቀደድ፦ አንዱን ከታች ለመግቢያ፣ ሌላውን ከላይ በተቃራኒው ጥግ ለመውጫ። ቀዳዳው የአንድ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ስፋት ይኑረው፤ የጣት ቀዳዳ መደርደር አይበቃም። በላይኛው ላይ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ፋን ይገጠማል። ጀርባው ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ቀዳዳው ከንቱ ነውና ቡፌው ወደፊት ሳብ ይበል።

የዚያ ፋን ገመድ የት እንደሚሰካ ማሰብ ያስፈልጋል። ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በሚደግፈው ባትሪ ላይ፣ ሆኖ የቡፌው ፋን ግድግዳ ላይ ከተሰካ፣ መብራት ሲጠፋ ፋኑ ይቆማል፣ ሰርቨሩ ግን በተዘጋ ሳጥን ውስጥ መሥራቱን ይቀጥላል። ፋኑን ከሰርቨሩ ዩኤስቢ ወይም ከዚያው ዩፒኤስ ማስነሣት ነው።

በየቤታችን ደግሞ ዳንቴል አለ። እናቶቻችን ዕቃ አቧራ እንዳይጠጣና ቤቱ እንዲያምር ብለው ቴሌቪዥኑንም ሬዲዮውንም ያለብሳሉ፤ ሰርቨሩም ሲለብስ አይቻለሁ። ብዙ ሚኒ ፒሲዎች አየር የሚስቡት ወይም የሚያስወጡት ከላይና ከጎን ስለሆነ ዳንቴሉ በቀጥታ ይዘጋቸዋል። «እማዬ፣ ይሄ ከላዩ ነው የሚተነፍሰው» ብሎ ማስረዳት ይበቃል፤ ዳንቴሉ ከሥሩ ባለው መደርደሪያ ፊት ላይ ቢወርድ ቤቱም አያጣውም።

በቆርቆሮ ጣራ ቤት ሰርቨርን ከኮርኒስ በላይ መደበቅ ግን ፈጽሞ አይሞከር። ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ሥር ያለው አየር ከሳሎኑ ጋር አይወዳደርም።

የኬዙን ክዳን ብከፍተውስ?

ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ውጤቱም ግራ ያጋባል። ፕሮሰሰሩ ጥቂት ዲግሪ ይወርዳል፣ የዲስኮቹ ሙቀት ግን ይጨምራል። ምክንያቱ ኬዝ ሳጥን ብቻ ስላልሆነ ነው፤ የአየር ቦይ ነው። የፊት ፋን የሚስበው አየር በዲስኮቹ መካከል ተጨንቆ እንዲያልፍ የሚያስገድደው ክዳኑ ነው። ክዳኑ ሲነሣ አየሩ በቀላሉ ያመልጣል። አየር ሁልጊዜ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል።

በዚሁ ምክንያት ኬዙ ውስጥ ያሉትን አቋራጮች መዝጋት ፋን ከመጨመር ይሻላል። ካርድ የተነቀለበት የኋላ ክፍተት ሽፋኑ ከጠፋ ይሸፈን። ከፊት ፋኑ ዳር ያለው ክፍተት በስፖንጅ ወይም በፕላስቲክ ይደፈን። ገመዶች ከፋኑ ፊት ተሰብስበው በአንድ በኩል ይታሰሩ። የዲስክ ማስገቢያዎቹ ከዲስኮቹ ቁጥር ከበለጡ አንድ ቦታ እየዘለሉ መሰካት ነው። የፋኑን አቅጣጫ ለማወቅም ፋኑን ማየት ይበቃል፦ አየሩ የሚወጣው ተለጣፊው ወረቀትና የፕላስቲክ ክንዶቹ ባሉበት ጎን ነው። የተጠራጠረ ቁራጭ ሶፍት ቢያስጠጋ ይለጠፋል ወይም ይገፋል።

ትልቅ ፋን ወይስ ፈጣን ፋን?

ቦታው ከፈቀደ ትልቅ። ባለ 120 ሚሊ ሜትሩ ቀስ እያለ የሚያሳልፈውን አየር ባለ 40 ሚሊ ሜትሩ ለማሳለፍ እየጮኸ መሽከርከር አለበት። የፋን ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር አየሩ በእጥፍ ይጨምራል፤ የሚበላው ጉልበት ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ ጩኸቱም አብሮ ያድጋል። ለስሱ አየራችን ማካካሻ የሚሆነው፣ ለምሳሌ በደቂቃ 1,000 ዙር የነበረውን ወደ 1,300 ማድረስ ነው። አራት ሽቦ ያለው ፋን ከሆነ ይህ ባዮስ ውስጥ (ማሽኑ ሲነሣ በሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ) ገብቶ የሚስተካከል ነው።

ባዮስ ውስጥ የተደበቀ አንድ ችግር ግን አለ፤ በቤት ሰርቨር ላይ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ፋኖቹ ፍጥነታቸውን የሚወስኑት የፕሮሰሰሩን ሙቀት አይተው ነው። ሌሊት ባክአፕ (የፋይሎች መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ) ሲካሄድ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቷል፣ ዲስኮቹ ግን ለሰዓታት በሙሉ ኃይላቸው ይጽፋሉ። ፋኑ ፕሮሰሰሩን አይቶ ያንቀላፋል፣ ዲስኮቹ ይጋገራሉ። መፍትሔው የፊት ፋኑ ከተወሰነ ፍጥነት በታች እንዳይወርድ ማድረግ፣ ወይም ሊኑክስ ላይ የዲስኩን ሙቀት እያየ ፋኑን የሚያዝ ፕሮግራም መጫን ነው።

ያገለገለ ማሽን የገዛ ሰው ሂት ሲንኩን ፈትቶ በእሱና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ማለትም ቴርማል ፔስት፣ ቢያድስ መልካም ነው። ዓመታት ሲያልፉ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ሙቀት አያሳልፍም። አሮጌውን በአልኮል ጠርጎ ትንሽ ጠብታ ማድረግ ይበቃል።

አቧራውስ?

በበጋ አቧራው ብዙ ነው፤ የኮሪደር ልማቱና የሕንፃ ግንባታው ባሉበት ሰፈር ደግሞ ይብሳል። ደረቅ አቧራ ብቻውን ቢሆን በብሎወር ይወጣል። የቤታችን አቧራ ግን ከቡና ቁሌት፣ ከእጣን፣ ከከሰልና ከወጥ ቤት ዘይት ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ይጣበቃል። የሂት ሲንኩን ክንፎች ሞልቶ እንደ ጨርቅ ይሸፍናቸዋል። ስለዚህ ሰርቨሩ ረከቦት ከሚዘረጋበትና ከወጥ ቤት በር ራቅ ይበል፤ ለብዙ ቤት ይህ ከማንኛውም ፋን በላይ ይጠቅማል።

ሲጸዳ መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀላል። በብሎወር ሲነፋ የፋኑን ምላጭ በጣት መያዝ ያስፈልጋል፤ ከልክ በላይ ከዞረ ኩሽኔታው ይጎዳል። የተጣበቀውን በለስላሳ ብሩሽ። ፊቱ ላይ ስስ ወንፊት መግጠም አቧራን ያስቀራል፤ ነገር ግን ወንፊቱ ራሱ ሲሞላ አየር ይዘጋልና በየሁለት ሦስት ሳምንቱ የሚያጥበው ሰው ከሌለ ባይገጠም ይሻላል።

ኤሲ ወይም የውኃ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል?

ለአንድ የቤት ሰርቨር አያስፈልግም። የውኃ ማቀዝቀዣ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ሌላ ጥግ ያጓጉዛል እንጂ በመጨረሻ የሚሰጠው ለዚያው ስስ አየር ነው፤ ዲስኮቹንም አይነካም። በረንዳ ላይ ማውጣትም መፍትሔ አይደለም፤ ክረምቱ፣ በረዶውና ነፋስ የሚያመጣው አቧራ አለ።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣስ?

ዩፒኤስን ከሰርቨሩ ጋር አንድ ቡፌ ውስጥ ማጎር ሁለቱንም ይጎዳል። ዩፒኤስ ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ በተለይ ባትሪውን ሲሞላ። ውስጡ ያለው የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ሙቀት ጠላቱ ነው፦ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት ሰፈር ባትሪ ቶሎ አለቀ ከሚባለው ምክንያት አንዱ ይህ ነው። ዩፒኤሱ ውጭ፣ ወለል ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ፋን ያለ ማስጠንቀቂያ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም የሚቆመው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው። ያረጀ ፋን አንዴ ከቆመ በኋላ ለመነሣት ጉልበት ያጣል። ሰርቨሩ ግን ተነሥቶ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ባለቤቱ ሥራ ላይ ነው፣ ቤቱ ተቆልፏል። ለዚህ የሚሆነው ዲስክ 50 ዲግሪ ሲደርስ ስልክ ላይ መልእክት እንዲልክ፣ 58 ሲደርስ ደግሞ ፋይሎቹን ዘግቶ ራሱን እንዲያጠፋ አስቀድሞ ማዘዝ ነው። ሥርዓቱ መሥራቱን ለማረጋገጥ የመልእክቱን ገደብ ለጊዜው ወደ 35 ዝቅ አድርጎ መልእክቱ በእርግጥ ስልክ ላይ መድረሱን ማየት፣ ከዚያም ወደ ቦታው መመለስ።